የኩርኮራ ሳቅ

ጋሼ ካውያ የፊት ጥርሱ የወለቀ ዕለት ሰው ሁሉ ስለ ጥርስ አወራ። ይተከል ይሆን ወይስ እንዲሁ ክፍቱን ይቀር ይሆን፣ ደሙ ስንት መሐረብ አራሰ፣ የከንፈሩ እብጠት መቼ ይጎድልለታል፣ ከእንግዲህስ እንዴት ያፏጫል። ስለ እጁ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ያ ጥርስ ከመውለቁ በፊት የሰውየው እጅ የት ነበር? የማን ጎን ላይ ምን ይሠራ ነበር? ይህን ለመጠየቅ አንድ አፍ እንኳ አልተከፈተም። ጥርስ ሲወልቅ ይታያል፤ ጎን ግን በልብስ እንደተሸፈነ ይኖራል።

ነገሩ የደረሰው በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የተማሪ ደንብ ልብስና የሆስፒታል ጋውን የሚሰፋበት፣ የመስኮቶቹ መስታወት በክር ብናኝ የደበዘዘ ሰፊ አዳራሽ ነው። ግራና ቀኙን የስፌት መኪኖች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ በእንፋሎት የታፈነው የካውያ ቦታ አለ፤ መሃሉን ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይዞታል። ይህ ጠረጴዛ የቆራጯ ነው።

ጨርቁ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ ከላይ ንድፉ በጠመኔ ይሠመራል፤ ከዚያ ቆራጯ ቀጥ ብሎ የቆመውን የኤሌክትሪክ ቢላ በቀኝ እጇ እየነዳች ድርብርቡን ባንዴ ትቆርጠዋለች። ግራ እጇ ጨርቁን ተጭኖ ከቢላው ፊት ፊት ይሄዳል። በዚያ እጇ ላይ ከጥቃቅን የብረት ቀለበቶች የተሠራ ጓንት ታጠልቃለች፤ ቢላው ጨርቅና ጣት አይለይማ። ስለዚህ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ የቢላው ማሽን እየሠራ ቆራጯን ከኋላ የሚጠጋት የለም። ሊያናግራት የፈለገ በጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቷ ይቆምና ቀና እስክትል ይጠብቃል። አሠሪያቸው እንኳ፣ መለኪያቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ እትዬ ሜትር የሚባሉት እሳቸው እንኳ፣ የቸኮለ ደንበኛ አስከትለው ሲመጡ ፊቷ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሕጉ የማይመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ጋሼ ካውያ ነው።

ጋሼ ካውያ ልብስ ተኳሽ ነው፤ የቆራጯ የታላቅ እህቷም ባል ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ። ክፉ አይደለም፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ራሷን ስታ የወደቀች ጊዜ አዝሎ ክሊኒክ ያደረሳት እሱ ነው። የተበላሸ የስፌት መኪና ምስጋና ሳይጠብቅ ይጠግናል፤ ያዘነ ያስቃል፤ ሲያፏጭ አዳራሹ ድካሙን ይረሳል። ችግሩ ጣቶቹ ናቸው። ጣቶቹ አርፈው መቀመጥ አያውቁም። ሰላምታው ኩርኮራ ነው፣ እርቁ ኩርኮራ ነው፣ ወሬ ያለቀበት እንደሆነ ኩርኮራ ይጀምራል። ኮቴውን አጥፍቶ ከኋላ ይመጣና ጣቶቹን የጎን አጥንት መሃል ይሰካል። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ አዳራሹ ያውካካል፣ እሱ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ምን አደረግኩ?» ይላል። ቁልፍ ተካይዋ፣ ያቺ አፈኛ፣ «እኔን እንኳ የረሳኝ ቀን ይከፋኛል» ትላለች። ይክፋት። የእሷ ጎን የራሷ ነው። በቆራጯ ጎን ላይ እንድትፈቅድ ግን ማንም አልሾማትም።

ቆራጯ ኩርኮራ አትችልም። ገና ጣት ወደ ጎኗ ሲቀሰር ሰውነቷ ኩምትር ይላል፤ ከተነካች ደግሞ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። ያ ሳቅ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ከሆዷ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች፤ ሆዷ በዚያ ሰዓት በንዴት እርር ድብን ይላል። መጀመሪያ በቀልድ ነገረችው። ቀጥላ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነገረችው። ከዚያ በእህቷ አስነገረችው። በመጨረሻ አዳራሹ መሃል ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዳትነካኝ» አለችው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እሺ፣ እሺ። ግን ሳቅሽ እኮ።»

ሳቅሽ እኮ። ይህችን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። የሰው አፍ እንቢ እያለ ጎኑ እሺ ያለ ከመሰለ፣ የሚታመነው ጎኑ ነው ማለት ነው? ታዲያ አፍ ለምን ተፈጠረ?

ሰኞ ጠዋት ለሴት ተማሪዎች ጉርድ የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ጎንበስ ብላ የወገቡን ዙር ስትጠመዝዝ፣ እጅ ትንፋሹን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ከኋላዋ አሥር ጣት ሁለት ጎኗ ውስጥ ገባ። ሳቀች። ክንዷ ተወረወረ፤ ቢላው ከጠመኔው መስመር ዘሎ ወጣና የፊቱን ቁራጭ ሰንጥቆ ግራ እጇ ላይ ደረሰ። ብረት ከብረት ሲፋጭ የወጣው ድምፅ እስከ ካውያው ጥግ ተሰማ። ከጓንቱ ሁለት ቀለበት ተበጠሰ። ከቀለበቶቹ ሥር የነበረው አውራ ጣቷ ነው።

እሱ አሁንም እየኮረኮረ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ሰው ሁሉ አየ፤ በወጉ ያየው ግን የለም። ቆራጯ የማሽኑን ማጥፊያ ተጫነች። ቢላው መንዘሩን እስኪያቆም ይዛ ጠበቀችው። ማሽኑን ከጨርቁ ውስጥ አውጥታ ቦታው ላይ አቆመችው። ከዚያ ዞረችና በዚያው ጓንት ባጠለቀው ግራ እጇ አፉን በቡጢ አለችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሳቁ ገና አልለቀቃትም ነበር።

«እየሳቀች መታችው» አለች ቁልፍ ተካይዋ። ወሬው ምሳ ሳይደርስ አዳራሹን አዳርሶ ወደ መንገድ ወጣ። ቀድሞ ሲኮረኩራት ስለሳቀች ወዳ ነው ተባለ፤ ዛሬ ስትመታው ስለሳቀች ጨካኝ ናት ተባለ። ያው አንድ ሳቅ ሁለት ጊዜ መሰከረባት፤ ሁለቱንም ጊዜ በሐሰት።

ፊቷን ልትታጠብ ወደ መታጠቢያው ስትገባ አንዲት ሴት ተከትላት ገባች። ያቺ ታዝላ ክሊኒክ የደረሰችው ልብስ ሰፊ ናት። ውሃውን ከፈተችና ድምፁ እንዲሸፍናት ጠጋ ብላ፣ «እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኔንም ያንገበግበኛል» አለች። «ሲመጣብኝ መርፌው ጣቴን የወጋኝ ጊዜ አለ።»

«ታዲያ ውጪና ለእትዬ ንገሪያቸው።»

«አዝሎኛል እኮ» አለች ሴትዮዋ። «ምን አፍ አለኝ?»

ቆራጯ ጥርሷን ነከሰች። አንዴ ያዘለሽ ሰው ዕድሜ ልክሽን እንዲኮረኩርሽ ተስማምተሽ ነው እንዴ ልትላት ነበር፤ የሴትዮዋ ዓይን ወደ በሩ ሲቅበዘበዝ አይታ ተወችው። ያን ቀን እንደዚህ የተዋጠ ቃል ብዙ ነበር።

ከሰዓት እትዬ ሜትር ወደ ጠባቧ ቢሯቸው አስጠሯት። ከወንበሩ ላይ የጨርቅ ናሙና ቁልል አንሥተው አስቀመጧት። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ፣ «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ደንግጬ ነው በይ። የደነገጠ ሰው በእጁ ላይ አያዝም። ይህን ካልሽ ማንም አይፈርድብሽም።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«እሱማ ምን ይላል፣ ተጫወትኩ ነው የሚለው። እሑድ እህትሽ ቤት እንገናኛለን። አንቺ ደንግጬ ነው ትያለሽ፣ እሱ ይቅር ብያለሁ ይላል፣ ትተቃቀፋላችሁ። ሰኞ ጠረጴዛሽ ላይ ነሽ።»

«ባልተቃቀፍስ?»

እትዬ ሜትር መጠቅለሉን አቆሙ። «አስቦ ሰው ለሚመታ ቢላ አላስይዝም» አሉ። «ትፈርጂብኛለሽ?»

አልፈረደችባቸውም፤ እሷም በእሳቸው ቦታ ብትሆን አታስይዝም ነበር። ንዴቷን ያባሰው ይኸው ነው። ያን ጠረጴዛ ለማግኘት ስንት ዘመን ወለል ላይ ክር ለቅማለች፣ ስንት ዘመን ለሌላ ቆራጭ ጨርቅ አንጥፋለች። ሥራውን ትወደዋለች። ከዚያም በላይ፣ በዓለም ላይ ክንዷ እስከሚዘረጋበት ድረስ ማንም የማይገባባት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ የሰው እጅ አለበት። አውቶቡስ ውስጥ «አሳልፊኝ» ማለት አፉ ላይ እያለ ወገቧን ይዞ ገለል የሚያደርጋት አለ። ጉንጯን ቆንጥጦ «ወፈር ብለሻል» የሚላት ዘመድ አለ። ክንዷን ካልደበደበ ወሬው የማይጥመው ጎረቤት አለ። ሁሉም በፍቅር ነው፣ ሁሉም በጨዋታ ነው። የሰው ቦርሳ ሳይጠይቁ የማይከፍቱ ሰዎች የሰው ገላ ላይ ሲደርሱ ከመጠየቅ ምን ያዛቸው?

እስከ እሑድ ማሽኑን እንዳትነካ ተነገራትና ቤቷ ገባች።

ረቡዕ ከሥራ መውጫ በኋላ እህቷ መጣች። ቆራጯ የተከራየችው ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን ያላት ናት፤ እህቷ ወንበሩን ትታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክርኖቿን ከጎንና ከጎኗ አጣብቃ ይዛ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። ቆራጯ በርዷት ይሆናል ብላ መስኮቱን ዘጋችላት።

«ባሌን ጥርሱን አውልቀሽ ቁጭ ብለሻል» አለች እህቷ። «ሾርባ በማንኪያ እያጠጣሁት ነው። እንዲያም ሆኖ ስላንቺ ክፉ አይወጣውም።»

«እጄን ሊያስቆርጠኝ ነበር፣ እታለም።»

«አልተቆረጥሽማ።»

«ያዳነኝ ጓንቱ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

«ጨዋታ ነው እኮ። አብረሽው ስትስቂ አልነበር?»

ቆራጯ እሳት ለበሰች። ይህን ከሁሉም ጠብቃለች፣ ከእህቷ ግን አልጠበቀችም። «አንቺም?» አለች። «አንቺም ሳቅሽ ልትይኝ ነው? ስለ ሳቅ ከተነሣማ እኔም የምለው አለኝ። እናታችን ታማለች ተብሎ የተላከብን ለታ እናንተ ቤት ነበርኩ። ልሂድ ብለሽ ልትነግሪው ወደ መኝታ ቤት ገባሽ። በግድግዳው ምን እንደሰማሁ ልንገርሽ? ሳቅሽን ነው የሰማሁት። ስትንከተከቺ። እናቴ የሞት አልጋ ላይ ሆና አንቺ ትስቂ ነበር። ጠዋት እኔ ብቻዬን ሄድኩ፤ እኔው ብቻዬን ቀበርኳት።»

ይህን ነገር ዓመታት ሆዷ ውስጥ ስታላምጠው ኖራለች። ሲወጣላት ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

የእህቷ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ክርኖቿ ይበልጥ ተጣበቁ። «እኛ ቤት ጠብ አድሮ አያውቅም» አለች በመጨረሻ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ከዚያ ተነሥታ፣ «እሑድ እንዳትቀሪ» ብላ ወጣች።

ቆራጯ የቀሩትን ቀናት ግራ እጇን ስታገላብጥ ከረመች። ምንም አልሆነም፤ በቡጢውም ጊዜ ጓንቱ ጠብቋታል። ቡጢው ሲያርፍ ጥርሱ ከሥሩ ሲላቀቅ የተሰማት ነገር ግን ከጣቶቿ አልወጣ አለ። ደስ ብሏት ነበር? ለአንዲት ቅጽበት፣ አዎ። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ እሱን ጠላችው፣ እንዲህ ያለውን ደስታ ያስተማራት እሱ ነውና።

ደንግጬ ነው ብትል ሁሉም ነገር ሰኞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ማጥፊያውን የተጫነው ጣት የደነገጠ ጣት አይደለም። ቢላው እስኪቆም ድረስ መጮህ ትችል ነበር፣ ጥሎ መሄድም ትችል ነበር፤ መምታትን መረጠች። ደንግጬ ነው ካለች ቡጢው ባለቤት አይኖረውም፤ የእሷ ቡጢ ባለቤት ከሌለው የእሱም ጣቶች ባለቤት አይኖራቸውም። የማንም ያልሆነ እጅ የማንም ካልሆነ አፍ ጋር ተጋጨ ተብሎ ሻይ ይጠጣል። ይህን አስባ ጥፋቷን ጥፋቴ ነው ልትል ቆረጠች። እሱም የራሱን ይውሰድ።

እሑድ ከሰዓት የእህቷ ሳሎን ተሰበሰቡ። እትዬ ሜትር ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ በበዓል ልብሳቸው ላይ እንኳ ሜትራቸው አለች። ቁልፍ ተካይዋ ሠራተኛውን ወክላ መጥታለች፤ ማን እንደወከላት ግን አይታወቅም። ጋሼ ካውያ ከንፈሩ አብጦ መሃል ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። እህቷ ሻይ ልታቀርብ ወጥ ቤቷ ትገባለች፣ ትወጣለች።

«እኔ እንደሆነ ቂም አላውቅም» አለ ጋሼ ካውያ፣ በወለቀው ጥርስ በኩል ቃሉ እያፏጨበት። «እንዲያውም ጠቀመችኝ። ድሮ ሳፏጭ እለፋ ነበር፤ አሁን ዝም ብዬ ማውራት ነው።»

ቁልፍ ተካይዋ ተንከተከተች፤ እትዬ ሜትርም ፈገግ አሉ። ቆራጯ ራሷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሰውየው እንዲህ ነው፤ እየሳቁ እንዲጠሉት ያደርጋል፣ ከዚያ ሳቁን ይዞ ጥላቻውን ይክዳል።

«በሉ እንግዲህ፣ ነገሩን አናንዛዛው» አሉ እትዬ ሜትር። «ልጅቷ ደንግጣ ነው። ማሽኑ እየሠራ ማንም ይደነግጣል።»

«አልደነገጥኩም» አለች ቆራጯ።

እትዬ ሜትር በዓይናቸው ሊያስጠነቅቋት ሞከሩ፤ እሷ ግን የምታየው ጋሼ ካውያን ነበር።

«ማሽኑን አጥፍቼ ነው የመታሁህ፣ ጋሼ። ቢላው እስኪቆም ጠብቄ፣ ቦታው ላይ አቁሜው፣ ከዚያ ዞሬ። የደነገጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። አስቤ ነው የመታሁህ። መምታት አልነበረብኝም፤ ጥርስህም ያሳዝነኛል። ስለ ቡጢዬ ይቅርታ አድርግልኝ።» ምራቋን ዋጠች። «አሁን የአንተ ተራ ነው።»

«የምን ተራ?»

«የእጅህ።»

ጋሼ ካውያ መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው። እውነትም ምንም አላየባቸውም። «እጄ ምን አደረገ? ተጫወትኩ እንጂ መታሁሽ? ሳቅሽ እኮ።»

«አትንካኝ ብዬህ ነበር። በአፌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«እየሳቅሽ ነዋ ያልሽው» አለች ቁልፍ ተካይዋ።

ቆራጯ ዞረችባት። «አንቺ ሽንኩርት ስትከትፊ የምታለቅሺው ማን ሞቶብሽ ነው?»

ቁልፍ ተካይዋ ወደ እትዬ ሜትር ዞረች። እሳቸው ትዕግሥታቸው ተሟጦ ነበር። «በቃ፣ በቃ» አሉ። «ይቅርታ ብላለች፣ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ተነሡና ተቃቀፉ፤ ነገሩም እዚሁ ይቅር።»

ጋሼ ካውያ ወዲያው ተነሣ። «ነይ እስቲ» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ክንዶቹ ሰፊ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ እነዚያ ጣቶች አሉ። ቆራጯ ወደ ኋላ ሄዳ ወንበር መሃላቸው አስገባች። የነካት ሰው እንዳይነካት ስለለመነች የተጠራ እርቅ፣ መደምደሚያው እንድትነካው ነው። ይህን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድም የታዘበ አልነበረም።

«አላቅፍህም» አለች። «ከፈለግክ እጄን እሰጥሃለሁ። ከክንዴ ወዲህ ግን አትመጣም።»

እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። ያ የጨዋታ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቆረ። «ዘመድሽ እኮ ነኝ» አለ። «ምን አድርጌሽ ነው እንደ ሌባ የምትሸሺኝ?» ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ በእርግጥም አልገባውም። አለመግባቱ አላሳዘናትም። ስንት ጊዜ ነው የሚነገረው?

እትዬ ሜትር ተነፈሱ። «እንግዲያው ልጄ፣ ማሽኑን እርሺው» አሉ። «እኔ እንዲህ ቂም የያዘ እጅ ቢላ ላይ አላሳርፍም።»

ጠረጴዛዋ፣ ጠመኔዋ፣ ጨርቁ ለሁለት ሲከፈል የሚያሰማው ያ ድምፅ፣ ሁሉም ዓይኗ ላይ መጣ። «እሺ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

«ቆዪ» አለች እህቷ።

ስኒ የሞላበት ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማንም ልብ አላለም። «እኔም የምለው አለኝ» አለች። «እናታችን የታመመች ጊዜ...»

«አንቺ ደግሞ ጀመረሽ» አለ ጋሼ ካውያ። የሚያስቀው ሰው በማግኘቱ ፊቱ ፈካ። አላሰበበትም፤ ስንት ዘመን የለመደው ነገር ነው። ጠጋ ብሎ እጁን ከኋላዋ ሰደደና ጎኗን ያዘ።

እህቷ ሳቀች። ቆራጯ ሳቁን ወዲያው አወቀችው፤ በግድግዳው የሰማችው ያ ሳቅ ነው። ስኒዎቹ ተንገጫገጩ፣ ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ቁልፍ ተካይዋ ገና ከአሁኑ ጥርሷን ገልጣለች። እህቷ ግን እየሳቀች፣ እሱም እየኮረኮራት፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ትሪውን አስቀመጠች። ጠርዝ ላይ የነበረውን አንድ ስኒ ወደ መሃል ገፋ አደረገችው። ከዚያ ዞራ ከባሏ ፊት ለፊት ቆመች።

«አየህ» አለች፣ ሳቁ ትንፋሿን እየቆራረጠባት። «ትሪውን አስቀመጥኩ።»

ጋሼ ካውያ እጁን ከጎኗ አነሣና በዚያው እጁ አፉን ሸፈነ።

አልመታችውም። ሳቁ ግን አልለቅ ብሏት፣ እንባዋ እየወረደ፣ በሳቁ መሃል ቃል በቃል እየገፋች ተናገረች። «እናቴ ታማለች፣ ልሂድ ልልህ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ኮረኮርከኝ። ሳቅኩ። 'በይ ሳቅሽ፣ አለቀ' አልከኝ። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግመህ ኮረኮርከኝ። ጠዋት 'ትናንት ተስማምተን የለም እንዴ' ስትለኝ፣ ስለሳቅኩ የተስማማሁ መሰለኝ። እኔ ራሴ መሰለኝ። እናቴን ሳላያት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ጋሼ ካውያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሊቀልድ አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ያየው የሰው ፊት ሁሉ አላበረታታውም።

እትዬ ሜትር ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ከጓንቱ ስንት ቀለበት ነው የተበጠሰው?» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«ሁለት» አለች ቆራጯ።

«ነገ አዲስ አስመጣለሁ። በተበጠሰ ጓንት እንዳትቆርጪ።» ቀጥለው ወደ ጋሼ ካውያ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከካውያህ ንቅንቅ እንዳትል። ሰው ከፈለግክ ከፊቱ መጥተህ በአፍህ ጥራው።»

ጠረጴዛዋ ተመለሰላት። ቆራጯ ደስታውን ፈልጋ አጣችው። ንዴቷ ግን እዚያው ነበር፤ ብቻ ዞሮ እሷው ላይ አፍጥጦባታል። ረቡዕ ዕለት እህቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ የተናገረቻት ቃል በጆሮዋ ጮኸ። ከረቡዕም በፊት፣ በነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በየበዓሉ ስትስማት፣ በየሰላምታው ፊቷን ስታቀዘቅዝባት፣ በሆዷ ስትላት የኖረችው እሱኑ ነው። ሳቅሽ እኮ። ይህችን ቃል ከጋሼ ካውያ የሰማች ጊዜ ደሟ ይፈላ ነበር፤ እህቷ ላይ ግን ራሷ ስትፈርድባት ኖራለች።

ቦርሳዋን ጥላ ተንደርድራ ሄደች። ልታቅፋት ክንዷን ዘርግታ አጠገቧ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልቀፍሽ?» አለቻት።

እህቷ አንገቷን ደፍታ፣ ክርኖቿን ከጎንና ከጎኗ አጣብቃ ነበር። ሳቁ አሁንም በቁሙ ያንዘፈዝፋታል። «ቆዪ» አለች። «አሁን አይደለም።»

«እሺ» አለች ቆራጯ። ክንዷን መለሰችና ፊት ለፊቷ ቆማ ቀና እስክትል ጠበቀች።